ምርጫው ለእሑድ፣ ሠርጉ ለሳምንቱ

“በፖለቲካ ምክንያት ከእጮኛዬ ጋር ተጣላን፤ ከአባቴ ጋር አንነጋገርም፤ ምን ይሻለኛል?” የሚሉ ወጣቶች አጋጥመውኛል። ለእነሱ የምሰጠው ምክር ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም። ራሴ አጥፍቼ፣ ራሴ አፍሬ፣ ራሴ ደጅ ጠንቼ ያገኘሁት ነው። ነገሩ የሆነው በ1997 ዓ.ም.፣ የምርጫው የመጨረሻ ሳምንት ላይ ነው።

የደሴ ልጅ ነኝ። ያኔ ፒያሳ አካባቢ አንዲት የልብስ ስፌት ቤት ነበረችኝ። ሰው “ወግ አጥባቂ” ይለኛል፤ እኔም አልክድም። ታላቅ ሲገባ ብድግ እላለሁ፤ በነጠላ ካልሆነ ለቅሶ ቤት አልገባም፤ “አዲስ ነገር መጣ” ሲባል ቶሎ አልነሣም። ታዲያ ለቅንጅት በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ወረቀት ስበትን ጎረቤቶቼ “አንቺ ደግሞ ምን ነካሽ?” አሉኝ። የነካኝ መሬት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 “መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም” ይላል። ቅንጅት ደግሞ “ገበሬው የመሬቱ ባለቤት ይሁን” ይል ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያረሰውን መሬት “የኔ ነው” ሳይል ነው የሞተው። ከዚህ በላይ ምን ምክንያት ልፈልግ?

ችግሩ ጋሼ ነው። ጋሼ የምለው ኮምቦልቻ የሚኖረውን ታላቅ ወንድሜን ነው። በእናት አንድ ነን፤ እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን። ለወሎ ሰው ይህ ብርቅ አይደለም። አባቴ ሲሞት ገና ተማሪ ነበርኩ፤ የደብተሬንና የጫማዬን የከፈለው እሱ ነው። በዚያ ዓመት ጋሼ የኢሕአዴግን ንብ ደረቱ ላይ ለጥፎ ነበር የሚዞረው።

በፋሲካ ማግስት ቤቱ ሄጄ ተከራከርን። “እታለም፣” አለኝ፣ “በ77 መሬት የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ በአንድ ጣሳ ስንዴ አስረክበነው ነበር። ዝናቡ ሲመለስ የት ልንገባ?” እኔም “የማይሸጥ መሬት ይዘንስ መች ከረሃብ ተረፍን?” አልኩት። ሁለታችንም እውነት ነበረን። ቡናው ቀረበ፤ ጠጥተን ተሳስቀን ተለያየን። እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት!

ሚያዝያ 29 ቅዳሜ ኢሕአዴግ፣ ሚያዝያ 30 እሑድ ተቃዋሚዎች አዲስ አበባ መስቀል አደባባይን በሰው ሞሉት። የእሑዱ ሰልፍ ወሬ ደሴ ሲደርስ ልጆቹ ሁሉ ሰላምታቸው ሁለት ጣት ሆነ። እኔም ልቤ አበጠ። በማግሥቱ ግንቦት 1፣ የልደታ ቀን፣ ሰኞ ገበያ ድምፅ ማጉያ ሰጡኝ። መቼም ሰው ሲስቅልህ ምላስህ ይረዝማል። “ንብ ማር ይሰጣል ይሏችኋል! የኛ ቤት ንብ ግን ማሩን ለራሱ ነው የሚልሰው!” አልኩ። ገበያው በሳቅ ተናወጠ።

ቀና ስል ጋሼ ቆሟል፤ ሁለት ሙክት በገመድ ይዞ!

አንባቢዬ፣ ሙክቶቹ የማን መሰሉህ? በምርጫው ሳምንት፣ ግንቦት 14፣ ልጄን ልድር ነበር። በኛ አገር ሠርግ ሁለት ድስት ይጣዳል። የክርስቲያኑ ለብቻው፣ የሙስሊሙ ለብቻው፤ ቢላዋው ሌላ፣ ጭልፋው ሌላ፣ አሳላፊው ሌላ። የሙስሊሙን ከብት የሚባርከው ጋሼ ነው፤ እናታችን ከሞተች ጀምሮ እንዲህ ነው። የሚያሳድገኝን ሰው ነው “ለራሱ የሚልስ” ያልኩት። ምንም አልተናገረኝም። ገመዱን ሳብ አድርጎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት እንዴት እንዳለፉ አትጠይቁኝ። ከቤት ቤት እየዞርኩ ምልክቱን አሳያለሁ፤ መጻፍ የማይችል በጣቱ አሻራ እንደሚመርጥ አስረዳለሁ። አንዲት እናት “ልጄ፣ ፕሬዚዳንቱን ነው የምንሾመው?” አሉኝ። “የለም እማማ፣ ፕሬዚዳንቱን በአንቀጽ 70 መሠረት ሁለቱ ምክር ቤቶች ናቸው የሚመርጡት፤ እርስዎ የምክር ቤት ሰው ነው የሚመርጡ” አልኳቸው። እሳቸውም “እንግዲያው ጠቡን ለእነሱ ተዉላቸው” ብለው ቡናቸውን መቁላት ቀጠሉ። ሳቅኩ፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ሐሙስ ዕለት ከልጆቹ ጋር ኮምቦልቻ ወረድኩ። ያቺ የገበያ ቀልዴ ከኔ ቀድማ ወርዳለች! አንድ ጎረምሳ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናትን እየተከተለ “ማሩን ለራሱ! ማሩን ለራሱ!” ይላል። አንደኛዋ የጋሼ የልጅ ልጅ ናት። አየችኝና ፊቷን አዞረች። ያን ጊዜ ወረቀቱ ከእጄ ወደቀ። ወግ አጥባቂ ነኝ ባይዋ ወጉን ማን ጠበቀው?

ቅዳሜ፣ የምርጫው ዋዜማ፣ ቅስቀሳ የለም። ነጠላዬን ለብሼ፣ ቡና ቋጥሬ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወረድኩ። የደሴ ብርድ ከኋላዬ ቀርቶ የኮምቦልቻ ሙቀት ሲቀበለኝ ያላበኝ ግን ከሙቀቱ አልነበረም። በሩን ስገፋ መጀመሪያ ያየሁት ምን መሰላችሁ? ሁለቱ ሙክቶች ጓሮ ታስረው ሣር ይበላሉ። እንባዬ መጣ።

ጉልበቱ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ። “ጋሼ፣ በአደባባይ የተናገርኩትን በአደባባይ እመልሳለሁ” አልኩት።

“ድምፅሽን ልትለውጪ ነው?”

“አይደለም። ድምፄ ያው ነው። አፌን ነው የምለውጠው።”

ዝም አለ። ከዚያ ሚስቱን “ቡናውን አቅርቢ” አላት። ወደ እኔ ዞሮም “የኔም ድምፅ ያው ነው። ሠርጉ ግን የልጅቱ ነው፤ የምርጫ ቦርድ አይደለም” አለኝ። ሳንወድ ሳቅን።

ግንቦት 7 እሑድ እኔ ደሴ፣ እሱ ኮምቦልቻ ሰልፍ ያዝን። በሳምንቱ ዳስ ተጣለ፤ ሁለት ድስት ተጣደ። ንብ የለጠፈም ሁለት ጣት ያነሣም እንግዳ ነበረ። ምርቃት ከመጀመሩ በፊት ተነሥቼ “በሰኞ ገበያ ስለ ወንድሜ የተናገርኩት ውሸት ነው፤ እኔ የበላሁት ማር የእሱ ነው” አልኩ። አፍሬ ነበር፤ ቀለለኝ።

የምርጫውን መጨረሻ ታውቁታላችሁ። ከ547 መቀመጫ ለኢሕአዴግ 327፣ ለቅንጅት 109 ተባለ፤ ውዝግብ ተነሣ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተፈጠረው ግጭት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ አገኘ። ያ ሁሉ ቤት አለቀሰ። እኔ ወንድሜን ይቅርታ የምጠይቅበት አንድ ቅዳሜ አገኘሁ። ያን ቅዳሜ ያላገኙ ስንት አሉ?

እንግዲህ ምክሬ ይኸው ነው። አንደኛ፣ ስለ መሬቱ፣ ስለ ግብሩ፣ ስለ ሕጉ የፈለጋችሁትን ያህል ተከራከሩ፤ የሰውየውን ጎጆ ግን ወደ ማጉያው አታውጡ። ክርክሩን ምርጫው ይዘጋዋል፤ ስድቡን ግን የሚዘጋው የለም። ሁለተኛ፣ በአደባባይ የበደለ ሰው በጓዳ ይቅርታ ቢጠይቅ ግማሹን ብቻ ነው የከፈለ። ሦስተኛ፣ “ካልተስማማን አብረን አንበላም” የሚላችሁን አትስሙ። እኔና ጋሼ አንድ ቀን እንኳ የአንድ ድስት ሥጋ በልተን አናውቅም፤ አንድ ቀን እንኳ ግን በተለያየ ዳስ ተቀምጠን አናውቅም። አያቶቻችን በሃይማኖት ያልፈቱትን ገበታ እኛ በፓርቲ ምልክት ልንፈታው ነውን?

ልጄን ያጨሽ፣ አባትህን የዘጋህ፣ ስማኝማ! ድምፅህን አትለውጥ። ቡና ቋጥረህ ግን ዛሬውኑ ውረድ።