እውነት ወይስ ተረት? «በደንብ የገባኝ የጤና ምክር ትክክል ነው»

ከሚሴ ላይ ልጅ ድንገት ተንቀጥቅጦ ቢወድቅ አንዱ ክብሪት ይፈልጋል፣ ሌላው ስልኩን ያወጣል። ክብሪቱን ከአያቶቻችን ወርሰነዋል፤ ዛሬ ደግሞ በቲክቶክ ተመልሶ ይመጣልናል። ተናጋሪው ረጋ ብሎ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ «ጭሱን አሽትቱት፣ ወዲያው ይነቃል» ይላል። ምንም የሚከብድ ቃል የለውም። ሁሉ ነገር ስለገባን እውነት ይመስለናል።

«በዓይናችን አይተናል እኮ!» ትሉኝ ይሆናል። አምናችኋለሁ። ግን ልጁን የጣለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይለቀዋል። ክብሪት ተፈልጎ፣ ተጭሮ፣ አፍንጫው ጋ እስኪደርስ ያቺ ጊዜ ታልፋለች፤ ምስጋናው ለክብሪቱ ይሆናል። ልማዱ የማይሞተውም ሁልጊዜ «ሲሠራ» ስለሚታይ ነው። ጭሱ ግን ምንም አያቆምም፤ እሳቱ የልጁን ፊት ሊያቃጥል ይችላል። ይልቅ ልጁን በጎኑ አስተኙት፣ የሚጎዳውን ነገር ከአጠገቡ አንሱ፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አትክተቱ፣ ሰዓት እዩ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ጤና ተቋም ይዛችሁት ሩጡ።

«እሺ፣ ሐኪሞች የጻፉትን እናንብብ» የሚሉም አሉ። ይሻላል፣ ግን አይበቃም። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ለታካሚ የሚጻፍ ነገር ከ6ኛ ክፍል ደረጃ እንዳይከብድ ይመከራል፤ ኢንተርኔት ላይ ያለው አብዛኛው የሕክምና ጽሑፍ ግን ከዚያ ይከብዳል፣ ያውም በእንግሊዝኛ። የሚያውቀው ሰው አክብዶ ሲጽፍ ቦታውን ቀለል አድርጎ የሚያወራው ይይዘዋል። ጽሑፉ ቢገባንም የተጻፈው ለሌላ አገር ነው። «ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በትኩሳት ቢንቀጠቀጥ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ሳያደርስበት ያልፋል» ይላል፤ ውሸት አይደለም። ጸሐፊው ግን ወባ በሌለበት ነው የሚኖረው። እኛ ጋ፣ ከሚሴም ባቲም፣ ወባ አለ። ወደ አንጎል የወጣ ወባ ልጅ ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም፤ ማጅራት ገትርም እንዲሁ። ስለዚህ ትኩሳት ይዞት የተንቀጠቀጠ ልጅ መንቀጥቀጡ ቢያቆምም «አልፎለታል» ተብሎ አያድርም፤ ወዲያው ደሙ ይታይ።

ከሁሉ የማይዋጥልኝ «የሚጥል በሽታ ኪኒኑን ጥሎ በጥቁር አዝሙድ ዳነ» የሚለው ነው። አንዳንዱ ልጅ ሲያድግ የሚጥል በሽታው በራሱ ይተወዋል፤ የእሱ እናት ደስ ብሏት ትናገራለች። መድኃኒት አቋርጦ እሳት ላይ ስለወደቀው ልጅ ግን ቪዲዮ የሚሠራ የለም። ፌኖባርቢታል የሚባለውን የዚህ በሽታ ኪኒን በድንገት ማቆም የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ መቀነሱም ማቆሙም በሐኪም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች በአግባቡ ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ዱዓውም ሩቅያውም ከኪኒን ጋር አይጣላም፤ ጎን ለጎን ይሂድ።

«እና ስልኩ ምን ይጠቅማል?» ካላችሁ፣ ልጁን በጎኑ ካስተኛችሁት በኋላ አንድ ሰው ቪዲዮ ይቅረጸው። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ነቅቶ ስለሚሆን ሐኪሙ ምን እንደሆነ አያይም፤ የትኛው እጁ ቀድሞ እንደተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ወዴት እንደዞረ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ከቪዲዮው ያገኘዋል።