ፈጣኑ የቤተሰብ መኪና ሲያረጅ

እ.ኤ.አ. በ1994 በብሪታንያ የቱሪንግ መኪኖች ሻምፒዮና ላይ የቀረቡ ሁለት መኪኖች ተመልካቹን አስገርመው ነበር። የስዊድኑ ቮልቮ ኩባንያ ለእሽቅድምድሙ ያሰለፈው ቮልቮ 850 ስቴሽን ዋገንን፣ ማለትም ጣሪያው እስከ ኋላ በሩ የተዘረጋውንና ለልጆችና ለሻንጣ የተሠራውን የቤተሰብ መኪና ነበር። አሽከርካሪዎቹ ስዊድናዊው ሪካርድ ሪዴልና ሆላንዳዊው ያን ላመርስ ነበሩ። ድል አልቀናቸውም፤ ያገኙት ከፍተኛ ውጤት አምስተኛ ደረጃ ነው። ይሁን እንጂ የዕቃ መጫኛ ያለው መኪና በእሽቅድምድም ሜዳ መታየቱ ብዙ አነጋገረ።

የዚሁ መኪና ፈጣን ዝርያ የሆነው ቲ-5አር የ1995 ሞዴል ሆኖ ለገበያ ቀረበ። ባለአምስት ሲሊንደር፣ 2.3 ሊትር ሞተሩ በቱርቦ እየታገዘ 240 የፈረስ ጉልበት ያመነጫል። ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ለመድረስ ሰባት ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። የኋላ ወንበሩ ሲታጠፍ ደግሞ ሰፊ የጭነት ቦታ ይሰጣል።

ይህ መኪና ዛሬ 30 ዓመት አልፎታል። እንዲህ ያለውን ያገለገለ ፈጣን ስቴሽን ዋገን ገዝተው ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚገለገሉበት ሰዎች በአውሮፓ ጥቂት አይደሉም። ገዢው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፈረስ ጉልበቱ ነው። ሳይንሱ የሚያሳየን ግን ሌላ ነው። አሮጌ ፈጣን መኪና አስተማማኝ የሚሆነው ወይም ለአደጋ የሚያጋልጠው በጎማው፣ በዘይቱና በፍሬኑ ሁኔታ ነው።

ጉልበቱ የት ይውላል?

1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሜዳማ አስፋልት ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ሁለት ተቃዋሚ ኃይሎች ይገጥሙታል። አንደኛው የአየር ግፊያ ነው፤ ሁለተኛው ጎማው በመንከባለሉ የሚፈጠረው ተቃውሞ ነው። የመኪናውን ቅርጽና ስፋት በመካከለኛ ግምት ወስደን ብናሰላ፣ ሁለቱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ከ13 እስከ 14 ኪሎ ዋት ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህም ከ20 የፈረስ ጉልበት ያነሰ ነው። ከ240ው የቀረው ሁሉ ለዳገት፣ ለመቅደምና ለፈጣን አነሣሥ የተቀመጠ ተጠባባቂ ጉልበት ነው።

ተጠባባቂው ጉልበት ባይነካም ወጪው አይቀርም። ሞተሩ፣ ፍሬኑና ጎማው የተሠሩት ለ240 የፈረስ ጉልበት በመሆኑ የሚቀየሩትም በዚያው ልክ ነው። መኪናው እያረጀ ሲሄድ የገበያ ዋጋው ይወርዳል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮት አይወርድም። ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ቱርቦና ዘይት

አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ሞተር የበለጠ ጉልበት እንዲሰጥ ከተፈለገ የበለጠ አየር ሊገባለት ይገባል። የቱርቦ ሥራ ይኸው ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንድ ትንሽ ተሽከርካሪ ያዞራል፤ እርሱም በአንድ ዘንግ ላይ የተያያዘውን ሌላ ተሽከርካሪ እያዞረ አየርን ጨምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይልካል።

ይህ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ይችላል። ከብረት ጋር እንዳይፋተግ የሚጠብቀው ከወረቀት የሳሳ የዘይት ሽፋን ነው። ዘይቱ ካረጀ ወይም ከቆሸሸ በሙቀቱ እየተቃጠለ ወደ ጥቀርሻ ይለወጥና መተላለፊያውን ይዘጋል። ዘይት ያልደረሰው ዘንግ ብዙም አይቆይም። ዘይትን በጊዜው መቀየርና ከብርቱ ጉዞ በኋላ ሞተሩን ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ በዝግታ አሠርቶ ማጥፋት የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ የቮልቮ ሞተር ላይ የሚታወቁ ሌሎች ሁለት የዕድሜ ችግሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ በፒስተኖቹ ዙሪያ አልፎ ወደ ሞተሩ የታችኛው ክፍል የሚገባውን ጋዝ የሚያስተነፍሰው መሥመር በዘይት ዝቃጭ መደፈኑ ነው። ጋዙ መውጫ ሲያጣ በሞተሩ ውስጥ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱም ዘይትን በጎሚኒዎቹ በኩል ይገፋል። ሁለተኛው የካምሻፍቱን ዘንግ የሚያዞረው ቺንጋ ነው። ጎማ የተቀላቀለበት በመሆኑ መኪናው ቢቆምም ዕድሜው ይቈጠራል። ከተበጠሰ ቫልቮቹና ፒስተኖቹ ይጋጫሉ፤ ሞተሩም ይሰበራል። ገዢ ቺንጋው የተቀየረበትን ቀን የሚያሳይ ደረሰኝ ካላየ፣ እንዳልተቀየረ ቈጥሮ ወጪውን በዋጋው ላይ ማሰብ ይኖርበታል።

መሮጥና መቆም

የሚንቀሳቀስ አካል የሚይዘው ጉልበት በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ያድጋል። ይህ ሕግ በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው። መኪናው ከነተሳፋሪዎቹና ከነጭነቱ 1,900 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 733,000 ጁል ገደማ ይይዛል። ይህ ሁለት ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ እስከ 100 ለማሞቅ ይበቃል። ፍጥነቱ 140 ሲደርስ መጠኑ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ፍሬን ሲረገጥ ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ወደ ሙቀት ተለውጦ በዋናነት በፍሬኑ ዲስክና ሸራ ላይ ያርፋል።

እዚህ ላይ የፍሬን ዘይት ጉዳይ ይነሣል። ይህ ፈሳሽ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ደረጃው ያስገድዳል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚፈለገው ዝቅተኛ ልክ 155 ዲግሪ ነው። በረዥም ቁልቁለት ላይ ፈሳሹ ቢፈላ በቱቦው ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል። አረፋ ይጨመቃልና የተረገጠው ፔዳል ወደ ወለሉ ይሰምጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም። በየሁለት ዓመቱ ገደማ መቀየር ያለበትን ይህን ፈሳሽ ብዙ ባለቤቶች ይረሱታል።

ጎማም እንደዚሁ ነው። የመያዝ ችሎታው 0.8 በሆነ ደረቅ መንገድ ላይ ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመቆም 49 ሜትር ያህል ይበቃል። ጎማው ደርቆ ወይም ጥርሱ አልቆ፣ መንገዱም ረጥቦ ይህ ቁጥር ወደ 0.4 ቢወርድ ርቀቱ 98 ሜትር ይሆናል። ከ2000 ወዲህ በተሠሩ ጎማዎች ጎን ላይ በአራት አሃዝ የተጻፈ ቁጥር ይገኛል፤ 3121 ቢል ጎማው በ2021 በ31ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በዕድሜ ሊደርቅ ስለሚችል ይህን ቁጥር ማንበብ ይገባል።

የጭነቱ ቦታ

ስቴሽን ዋገን ከሌሎች መኪኖች የሚለየው በጭነት ቦታው ነው፤ ይህም የራሱ ስሌት አለው። የቮልቮ 850 የፊትና የኋላ እግሮች ርቀት 2.66 ሜትር ነው። 200 ኪሎ ግራም ጭነት ከኋላ እግሩ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢቀመጥ፣ በሞመንት ሕግ መሠረት የፊት ጎማዎቹ 30 ኪሎ ግራም ያህል ሲቀልላቸው በኋላዎቹ ላይ 230 ይጨመራል። ሞተሩ የሚያዞረው የፊት ጎማዎቹን ስለሆነ በእርጥብ ዳገት ላይ መንሸራተት ይጀምራሉ። ከባድ ዕቃ ወደ ወንበሩ ተጠግቶ ይቀመጥ፣ የኋላ ጎማም በመመሪያው መጽሐፍ መሠረት ይነፋ የሚባለው ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ጭነቱን ማሰር ነው። በባለአራት በር አውቶሞቢል ዕቃው ከተሳፋሪው በተለየ ክፍል ይቀመጣል። በስቴሽን ዋገን ግን ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ 20 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ሣጥን በቦታው ለመያዝ 400 ኪሎ ግራም ክብደትን የሚያነሣ ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ያልታሰረ ሣጥን በዚያ ፍጥነት ከፊቱ ወደ ተቀመጠው ልጅ ይወረወራል። ስለዚህ የጭነት መረቡና ማሰሪያው ከሞተሩ እኩል ሊመረመሩ ይገባል።

ለእኛስ?

ምሳሌያችን ከአውሮፓ ቢወሰድም ስሌቱ በአገራችንም ያው ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ቱርቦ ያለው ጉድለቱን ሊያካክስ ይችላል፣ ግን የበለጠ መሽከርከር ግድ ይለዋል። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሏም በመንገድ ላይ ያሉት ለብዙ ዓመታት ማገልገል እንዳለባቸው ያመለክታል።

እንግዲህ ያገለገለ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው፣ ፈጣንም ይሁን ዝግተኛ፣ ወደ ጋራዥ ሲሄድ የፈረስ ጉልበቱን ከመጠየቁ በፊት የቺንጋውን ደረሰኝ፣ የዘይቱን ቀለም፣ የፍሬን ዘይቱን ዕድሜና የጎማውን አራት አሃዝ ይመልከት። ከመግዣው ዋጋም ላይ እነዚህን ለማደስ የሚበቃ ገንዘብ አስቀድሞ ይለይ። ያ ገንዘብ ከሌለው መኪናውን ለመግዛት ዐቅሙ ገና አልደረሰም ማለት ነው።