«የሚሠራን ኮድ አትንኩ»፦ ተረትና እውነታ

በሶፍትዌር ሙያ እንደ ሕግ የሚቆጠር አንድ ምክር አለ፦ የሚሠራን ኮድ አትንኩ። ከዚሁ ምክር የተወለደው ሌላው እምነት ደግሞ ሪፋክተሪንግ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚሰጠውን ውጤት ሳይለውጡ የውስጥ አደረጃጀቱን ማስተካከል፣ ለዓይን ውበት ሲባል የሚደረግ ትርፍ ሥራ ነው የሚለው ነው። ማርቲን ፋውለር ስለዚህ አሠራር የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1999 ከታተመ ወዲህ ብዙ ቢባልም እምነቱ አልተነቀለም። ምክሩ የሚጸናው ኮዱ በእርግጥ መሥራቱን ካወቅን ብቻ ነው። ይህ እርግጠኝነት ከሁሉ ይልቅ የሚያጠራጥረው ደግሞ ኮዱ ሁለት ነገሮችን በሚያወዳድርበት ቦታ ነው።

«ኮምፒውተር ሲያወዳድር አይሳሳትም» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው፤ ማሽኑ የተጠየቀውን በትክክል ይመልሳል፣ ጥያቄው ግን እኛ ያሰብነው ላይሆን ይችላል። በአብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ የሚወጣው 0.3 ሳይሆን 0.30000000000000004 ነው፤ 0.1 በሁለትዮሽ የቁጥር ሥርዓት ሲጻፍ ማለቂያ ስለሌለው የሆነ ቦታ ላይ መቆረጥ አለበት። በጃቫ ሁለት የኢንቲጀር ኦብጀክቶች በ== ሲወዳደሩ 127 ከ127 ጋር እኩል ሆኖ 128 ከ128 ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። ምልክቱ የሚመለከተው ዋጋቸውን ሳይሆን አንድ ኦብጀክት መሆን አለመሆናቸውን ነው፤ ጃቫ ደግሞ ከ-128 እስከ 127 ያሉትን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ደጋግሞ ይጠቀምባቸዋል። በአማርኛ ስም ለሚፈልግ ፕሮግራምም «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ እያንዳንዱ ፊደል በዩኒኮድ የየራሱ ቁጥር አለውና። እነዚህ ስህተቶች በትንንሽ ቁጥሮችና በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ሲሞከሩ ብዙ ጊዜ አይታዩም። የማወዳደሪያው መስመር ተቀድቶ በአሥር ፋይሎች ውስጥ ሲበተን ደግሞ አንዱን አርሞ ዘጠኙን መርሳት የማይቀር ነው።

ይህ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል በዳህራን የደረሰ አንድ አደጋ ያሳያል። እ.ኤ.አ. የካቲት 25 ቀን 1991 በሳዑዲ ዓረቢያ የነበረ የፓትሪዮት ፀረ ሚሳይል ባትሪ የመጣበትን ስከድ ሚሳይል ሳይከላከል ቀርቶ 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። ሥርዓቱ ጊዜን የሚቆጥረው በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ነበር፤ ያ ቁጥር በ24 ቢት ሲቆረጥ የሚጠፋው ኢምንት ልዩነት ከ100 ሰዓት ሥራ በኋላ ወደ 0.34 ሰከንድ አደገ። ሮበርት ስኪል የተባሉት የስሌት ባለሙያ በ1992 እንዳስረዱት ግን ጉዳዩ በመቆረጡ ብቻ አያበቃም። ሁለት ጊዜያት እኩል ቢሳሳቱ ሲቀናነሱ ስህተቱ በአብዛኛው ይጣፋ ነበር። ይሁንና የተሻለ የጊዜ መለወጫ ስልት ተጽፎ በአንዳንድ የኮዱ ክፍሎች ሲገባ በሌሎቹ አልገባም ነበር፤ ስለዚህ በአንደኛው ስልት የተሰላ ጊዜ በሌላው ከተሰላው ላይ ይቀነስ ጀመር፤ ስህተቱም መጣፋቱ ቀረ።

«እንግዲያው ባይነካ ይሻል ነበር» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ሊናቅም አይገባም። ይሁን እንጂ ያ ለውጥ አዲስ ስሌት አስገባ እንጂ ሪፋክተሪንግ አልነበረም። ጊዜን መለወጥ በአንድ ቦታ ብቻ የሚከናወን ቢሆን ኖሮ ማሻሻያው ሁሉንም በአንዴ በደረሰ ነበር፤ ያንን አንድ ቦታ መፍጠር ነው የሪፋክተሪንግ ሥራ። ሌሎች ደግሞ ሪፋክተሪንግን ሁሉን ከዜሮ ከመጻፍ ጋር ያምታቱታል። ኔትስኬፕ በ1998 የብራውዘሩን ሞተር እንደ አዲስ ለመጻፍ ወስኖ ኔትስኬፕ 6 በ2000 መጨረሻ እስኪወጣ ድረስ ገበያው ከእጁ ወጥቶ ነበር። ሪፋክተሪንግ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በትንንሽ እርምጃ ይሄዳል፣ ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላም አሮጌው የሰጠው ውጤት ከአዲሱ ጋር ይወዳደራል። ጊትሃብ ያወጣው ሳይንቲስት የተባለ መሣሪያ ይህንኑ በሥራ ላይ ባለ ሲስተም ያደርጋል፦ አሮጌውንና አዲሱን ኮድ በአንድ ግብዓት አስኪዶ ለተጠቃሚው የአሮጌውን መልስ ይሰጣል፣ ልዩነት ካለ ይመዘግባል። በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ ጠቃሚው ግኝት ብዙ ጊዜ አሮጌው ኮድ ራሱ ተሳስቶ መገኘቱ ነው።

እርግጥ ነገ የሚጣል ኮድ ይህን ሁሉ ድካም አይሻም። እንደ 0.1 ላሉ ቁጥሮች «ልዩነቱ ከዚህ ካነሰ እኩል ናቸው» የሚል ወሰን ማበጀትም ለሁሉም አይሠራም፤ ለሚሊዮኖች የሚበቃው ወሰን ለጥቃቅን ቁጥሮች ሁሉንም እኩል ያደርጋቸዋል፣ ገንዘብ ደግሞ ከመጀመሪያው በሳንቲም ሙሉ ቁጥር ቢያዝ ነው የሚሻለው። እናንት ኮድ የምትጽፉ ወገኖች፣ ከምትይዙት ፕሮግራም ውስጥ ስምን፣ ቀንን ወይም ገንዘብን የሚያወዳድሩ መስመሮችን ፈልጉ፤ ከመንካታችሁ በፊት አሁን የሚሰጡትን ውጤት መዝግቡ፤ ከዚያ ወደ አንድ ቦታ ሰብስባችሁ ከመዘገባችሁት ጋር አስተያዩ።