የተገዛው ጌም የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 በፕሌይስቴሽን 4 የኦንላይን መደብር፣ ማንም በማያውቀው ስቱዲዮ ስም፣ «ፒ.ቲ.» የሚባል ጌም በነጻ ተለቀቀ። ተጫዋቹ የሚመላለሰው በአንድ ቤት ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ነው፤ በዞረ ቁጥር ግን አንድ ነገር ተለውጦ ይጠብቀዋል። እስከ መጨረሻው የዘለቁት ሰዎች፣ ሠሪው ታዋቂው ጃፓናዊ ሂዴዮ ኮጂማ እንደሆነና ጌሙም «ሳይለንት ሂልስ» ለሚባል ወደፊት ለሚወጣ ጌም ማስተዋወቂያ እንደሆነ ደረሱበት። ዓመት ሳይሞላ አሳታሚው ኮናሚ ፕሮጀክቱን ሰረዘ፤ በሚያዝያ 2015 «ፒ.ቲ.» ከመደብሩ ተነሳ። ቀድሞ አውርዶት የነበረ ሰው እንኳ ከኮንሶሉ ካጠፋው መልሶ ሊያገኘው አልቻለም። ዲስክ ስላልነበረው ከሱቅ መግዛትም ከጓደኛ መዋስም አይታሰብም። ጌሙ የተጫነባቸው ያገለገሉ ኮንሶሎች በኢንተርኔት ገበያ ከመደበኛው በላቀ ዋጋ ይቀርቡ ጀመር።

ጌም በዲስክ ይገዛ ወይስ ከኢንተርኔት ይውረድ የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከምቾትና ከዋጋ አንጻር ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን ገንዘቡን የከፈለው ሰው እጅ የገባው ነገር ምንድን ነው የሚለው ነው።

ለዲስኩ መልሱ የተሰጠው ቪዲዮ ጌም ከመፈጠሩ በፊት ነው። ቦብስ ሜሪል የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ ባሳተመው አንድ ልቦለድ ላይ፣ መጽሐፉን ከ1 ዶላር በታች መሸጥ እንደማይቻል የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ አተመ። ሜሲስ የተባለው የኒውዮርክ መደብር ግን በ89 ሳንቲም ቸበቸበው። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘልቆ በ1908 መደብሩ ረታ። አሳታሚው አንዱን ቅጂ አንዴ ከሸጠ በኋላ፣ ገዢው ለማንና በስንት እንደሚያስተላልፈው የመወሰን መብት የለውም ተባለ። የጌም ዲስክና ካርትሪጅም በዚሁ መርህ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይዋሳል። አዲስ አበባ ውስጥ በሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ያደገ ሰው አንድ ዲስክ ስንት እጅ ሊያዳርስ እንደሚችል አይጠፋውም። ማይክሮሶፍት በ2013 ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ ይህን ልማድ ሊያጠብብ ሞክሮ ነበር፤ ኮንሶሉ በየ24 ሰዓቱ ከኢንተርኔት መገናኘት አለበት፣ ያገለገሉ ጌሞች ሽያጭም ገደብ ይኖረዋል ተባለ። የተጫዋቾች ቁጣ ስለበረታ ዕቅዱ ኮንሶሉ ገበያ ላይ ሳይውል ተሻረ።

ከኦንላይን መደብር ለሚወርደው ጌም ውሉ ሌላ ነው። ገዢው የሚያገኘው የመጫወት ፈቃድ እንጂ ቅጂው አይደለም፤ ፈቃዱ ከአካውንቱ ጋር የታሰረ ስለሆነ ለሌላ ሰው አይሸጥም። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በካሊፎርኒያ የሚሠራ ሕግ፣ ሻጮች የሚሸጡት ፈቃድ መሆኑን በግልጽ ሳይናገሩ «ግዛ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀሙ ከልክሏል። ትክክለኛ ሕግ ነው፤ የዘገየ መሆኑ ብቻ ያሳዝናል።

የማውረዱ ጥቅም ግን እውነተኛ ነው። ኤሪክ ባሮን ለብቻው የሠራውን «ስታርዲው ቫሊ» በ2016 በኦንላይን መደብሩ በስቲም በኩል ለዓለም ያደረሰው ዲስክ ማሳተምም፣ ካርቶን ማጓጓዝም ሳያስፈልገው ነበር።

በሌላ በኩል ዲስክ መያዝ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የዩቢሶፍት የመኪና ውድድር ጌም «ዘ ክሩ» በ2014 በዲስክም ተሽጧል። ሰው ብቻውን ሲጫወት እንኳ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር መገናኘት ነበረበት። በመጋቢት 2024 መጨረሻ ሰርቨሩ ሲዘጋ በዲስክ የገዛውም ያወረደውም እኩል ባዶ እጁን ቀረ። ሮስ ስኮት የተባለ የዩቲዩብ አዘጋጅ ከዚህ ተነስቶ የጀመረው ዘመቻ፣ ኩባንያዎች ጌም ሲያቋርጡ ለገዢው የሚሠራ ቅጂ እንዲተዉ ይጠይቃል፤ በአውሮፓ ኅብረት ለቀረበው አቤቱታም ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ተሰብስቧል። ዩቢሶፍትም ለተከታዮቹ የ«ዘ ክሩ» ክፍሎች ያለ ኢንተርኔት የሚያጫውት ስልት እንደሚያዘጋጅ አስታውቋል።

በሰኔ 2025 ገበያ ላይ የዋለው ኒንቴንዶ ስዊች 2 ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አወሳስቦታል። ለዚህ ኮንሶል ከሚሸጡት ካርዶች አንዳንዶቹ ውስጣቸው ጌሙ የለም፤ ካርዱ ቁልፍ ብቻ ነው፣ ጌሙ የሚመጣው ከኢንተርኔት ነው። «ስትሪት ፋይተር 6» የተሸጠው በዚህ መልክ ነው። «ሳይበርፐንክ 2077» ግን ሙሉ በሙሉ 64 ጊጋባይት በሚይዝ ካርድ ውስጥ ገብቶ ወጥቷል። ቁልፍ ብቻ የያዘው ካርድ ለሌላ ሰው ሊሸጥ መቻሉ አንድ መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም የኒንቴንዶ ሰርቨር የተዘጋ ዕለት አዲስ ኮንሶል ላይ የሚጫን ነገር አይኖርም። ኩባንያው የቀድሞ ኮንሶሎቹን፣ የዊ ዩ እና የ3ዲኤስን፣ የኦንላይን መደብሮች በመጋቢት 2023 ለአዲስ ግዢ መዝጋቱ፣ መደብር ዘላለማዊ እንዳልሆነ አሳይቷል።

ስለዚህ ልዩነቱን የሚፈጥረው ፕላስቲኩ ሳይሆን ጌሙ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ መነሳት መቻሉ ነው። የፖላንዱ የኦንላይን መደብር ጂኦጂ ከ2008 ጀምሮ ያለ መቆለፊያ ጌም ይሸጣል፤ ገዢው መጫኛውን አውርዶ በራሱ ሃርድ ዲስክ ካስቀመጠ በኋላ ኢንተርኔትም አካውንትም አያስፈልገውም። ይህ ያለ ሳጥን የተገኘ ጌም ከ«ዘ ክሩ» ዲስክ ይልቅ የገዢው ንብረት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ጌም ከመግዛትዎ በፊት የሳጥኑን ፊትና ጀርባ ያንብቡ፤ ማውረድ ወይም የማያቋርጥ ኢንተርኔት የሚጠይቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ እዚያው ተጽፏል። ያለ መቆለፊያ የገዟቸው ጌሞች ካሉ ደግሞ መጫኛቸውን መደብሩ ሥራ ላይ ሳለ አውርደው በውጭ ሃርድ ዲስክ ያስቀምጡ።