የአሮጌ ፒክ አፕ መኪና ሞተር ሲታወክ ምክንያቱን ስለ መመርመር

በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ ዙሪያ ያለው ሜዳ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት አገር ነው። እህሉን ወደ ገበያ፥ ዘሩንም ወደ ገበሬው ከሚያደርሱት አንዱ አሮጌ ፒክ አፕ መኪና ነው። ይህ መኪና በመንገድ የቆመ እንደ ሆነ የዘር ወራት ያልፋል፤ በሽተኛ ጭኖ እንደ ሆነ ደግሞ ጕዳቱ የባሰ ነው። ባለመኪናውም የተነገረውን ዕቃ ሁሉ እየገዛ ቢያስለውጥ ገንዘቡ ያልቃል እንጂ ሞተሩ አይድንም። ሐኪም በሽተኛውን ሳይጠይቅ መድኃኒት እንደማይሰጥ፥ ሞተርም አስቀድሞ ሊመረመር ይገባል።

በቤንዚንና በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር አራት ነገር ይፈልጋል፤ ይኸውም ንጹሕ አየር፥ ንጹሕ ቤንዚን፥ በጊዜው የሚደርስ እሳት፥ በሲሊንደሩም ውስጥ ሳያመልጥ የሚታመቅ ትንፋሽ ነው። ከአራቱ አንዱ ሲጐድል ሞተሩ ይታወካል። ስለዚህ በመጀመሪያ ሹፌሩ ይጠየቅ፤ ችግሩ የሚመጣው በጧት ብርድ ነው ወይስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ? ቆሞ ሲሠራ ነው ወይስ ዳገት ሲወጣ? ቤንዚን ከተቀዳ ወዲህ ነውን?

ሁለተኛ፥ ከማርሚታው የሚወጣው ጢስ ይታይ። ጥቍር ጢስ ቤንዚኑ ከአየሩ መብዛቱን ያመለክታል፤ በበጋ አቧራ የአየር ማጣሪያው ሲደፈን ይህ ይሆናልና አስቀድሞ እርሱን ማጽዳት ነው። ሰማያዊ ጢስ ዘይት መቃጠሉን ያሳያል። ነጭ ጢስ በጧት ታይቶ ቢጠፋ ጤና ነው፤ ሳይቋረጥ ቢወጣና የራዲያተሩም ውሃ ቢጐድል ግን ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ሳይገባ አይቀርምና ወደ መካኒክ መውሰድ ይገባል።

ሦስተኛ፥ ሞተሩ የሚያነክስ ከሆነ ካንዴላዎቹ ተነቅለው ይመርመሩ። ጫፉ ቡናማ የሆነ ካንዴላ ደኅና ነው፤ በደረቅ ጥላሸት የጠቈረ ቤንዚን እንደ በዛበት፥ በቤንዚን የራሰ እሳት እንዳልደረሰው፥ ዘይት የነካው ደግሞ የፒስቶኑ ቀለበት ወይም ቫልቩ እንዳረጀ ይናገራል።

አራተኛ፥ ጥቂት ከሄደ በኋላ የሚደክም ሞተር ብዙ ጊዜ ቤንዚን የጐደለበት ነው። የቤንዚን ማጠራቀሚያው ክዳን ሲከፈት አየር ፉጨት አሰምቶ ከገባና ሞተሩ ከበረታ፥ የተደፈነው የክዳኑ ትንሽ ቀዳዳ ነው። ይህ ካልሆነ ማጣሪያው ይታይ፤ ከጀሪካን የሚቀዳ ቤንዚን ውሃና ቈሻሻ ይዞ ይገባልና።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በዚህ አገር ሊታወቅ የሚገባው የከፍታው ነገር ነው። የጨፋ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1400 ሜትር ያህል ሲሆን፥ በአዲስ አበባው መንገድ የሚገኘው ጣርማ በር ግን ከ3000 ሜትር ይበልጣል። በዚያ የአየሩ ግፊት ከጨፋው ወደ አምስተኛ እጅ የሚጠጋ ያንሳል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ሞተሩ ይደክማል፥ ጢሱም ይጠቍራል። ወደ ቈላ ሲመለስ የሚጠፋ ድካም በሽታ አይደለም። ይህን ሳይረዳ ካርቡራተሩን በተራራው ላይ ያስጠበበ ሰው ወደ ጨፋ ሲወርድ ሞተሩ ቤንዚን አንሶት ከመጠን በላይ ይግላል፤ ቫልቩም እስከ መቃጠል ይደርሳል። እንግዲህ ካርቡራተር የሚስተካከለው መኪናው አዘውትሮ በሚሠራበት አገር ነው።

በናፍጣ የሚሠራው ፒክ አፕ ያለ ካንዴላ እሳት፥ በታመቀው አየር ሙቀት ይነዳል። ስለዚህ በእርሱ አስቀድሞ የሚመረመረው የናፍጣው ማጣሪያ፥ የአየሩ ማጣሪያ፥ በናፍጣው ቧንቧም አየር አለመግባቱ ነው።

በምርመራው ጊዜ መኪናው በድንጋይ ይታገድ፤ በቤንዚን አጠገብ እሳት አይቅረብ፤ የጋለ ራዲያተርም አይከፈት። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይለወጥ፤ የተለወጠውም ከነቀኑ በመዝገብ ይጻፍ። ሁለት ዕቃ በአንድነት የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅምና፥ ሞተሩ በድጋሚ ሲታወክ ምርመራውን እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።