ብሩ ከማን ጓዳ ይወጣል?

በቢቸናና በሞጣ የምትኖሩ እናቶች! በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ሎተሪ፣ ኋላ ለግል ድርጅቶች የስፖርት ውርርድ ፈቃድ መስጠቱን ታውቃላችሁ። የአዲስ አበባ አስተዳደር የውርርድ ቤቶችን ሲዘጋ ክርክር ተነሣ። አንዱ መሥሪያ ቤት የፈቀደውን ሌላው ሊዘጋ ይችላልን? ገቢውና የሥራ ዕድሉስ?

ክርክሩ የሩቅ ቢመስልም ብሩ የሚወጣው ጤፍ ሸጣችሁ ካጠራቀማችሁት ነው። በቀን 20 ብር የሚወራረድ ልጅ በወር 600 ብር ያወጣል። አወራራጁ ግን የክፍያውን ተመን ሲተምን ትርፉን አስቀድሞ ይቀንሳል፤ ልጁ አንድ ቀን ቢቀናውም ውሎ አድሮ የሚያተርፈው ቤቱ ነው።

ስለዚህ ልጃችሁን ከመቆጣታችሁ በፊት እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ የወሩን ወጪ አብራችሁ ደምሩ። ፈቃድ ሰጪውንም፣ «ልጆቻችን እንዳይገቡ በሩን ማን ይጠብቃል?» ብላችሁ ጠይቁ።