ያውቁ ኖሯል? ለትምህርት አሜሪካ ሲገቡ

ቪዛ ብቻውን አሜሪካ እንደማያስገባ ያውቁ ኖሯል? ቪዛው መግቢያው በር ድረስ ያደርሳል። ይግቡ ወይም ይመለሱ ብሎ የሚወስነው እዚያ የሚጠብቅዎ የድንበር መኮንን ነው።

በኤፍ-1 (በተማሪ ቪዛ) የሚገባ አዲስ ተማሪ ትምህርት ቤቱ በሚሰጠው አይ-20 ቅጽ ላይ ከሰፈረው የትምህርት መጀመሪያ ቀን ከ30 ቀን በላይ ቀድሞ መግባት አይፈቀድለትም። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ይህን ቀን ይመልከቱ።

የመኮንኑ ምርመራ ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ እንዳልሆነስ ያውቁ ኖሯል? ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዋሽንግተን ደለስ በኩል ሚኒያፖሊስ የሚሄድ ተማሪ የሚጠየቀው ደለስ ላይ ነው። ሻንጣውንም እዚያው ተቀብሎ በጉምሩክ ካሳለፈ በኋላ መልሶ ያስረክባል። ስለዚህ በሁለቱ በረራዎች መካከል አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ትኬት ቢረክስም አይግዙት።

መኮንኑ ፊት የሚቀርቡት ሻንጣ ከመውሰድዎ በፊት ነው። አይ-20ን ሻንጣ ውስጥ የቆለፈ ተማሪ ባዶ እጁን ይቆማል። ፓስፖርት፣ እርስዎም ትምህርት ቤቱም የፈረማችሁበት አይ-20፣ ትምህርት ቤቱ እርስዎን የተቀበለበት ደብዳቤ፣ የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት) 350 ዶላር ክፍያ ደረሰኝና ወጪዎን ማን እንደሚሸፍን የሚያሳይ ማስረጃ በእጅ ቦርሳ ይሁኑ። የትምህርት ቤቱን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ስልክ በወረቀት ይጻፉ፤ የእጅ ስልክዎ ባትሪ ሊያልቅ ይችላል።

ጥያቄዎቹ አጫጭር ናቸው፦ ምን ሊማሩ መጡ? የት? ማን ይከፍላል? የት ያርፋሉ? ዘመድ ወዳጅ «እንዲህ በል» እያለ የሚያስጠናው ረጅም ንግግር ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም፤ አይ-20 ላይ ካለው ጋር የሚገጥም አጭር እውነት ይበቃል። ዓመት ሲጠየቁ በፈረንጆች አቆጣጠር ይመልሱ። በ2015 ተመረቅሁ ያለ ተማሪ ማስረጃው 2023 ሲል በከንቱ ይጠረጠራል። ያልገባዎትን ጥያቄ በግምት አይመልሱ፤ እንዲደግሙልዎ ይጠይቁ።

ለተጨማሪ ጥያቄ ወደ ሌላ ክፍል መወሰድ መከልከል አይደለም። ሰነድ ወይም ፊርማ ከጎደለም መኮንኑ ካመነበት አይ-515ኤ በሚባል ቅጽ ለ30 ቀን አስገብቶ እንዲያሟሉ ሊያዝዝ ይችላል።

አሁን ወደ እናቶች ስንቅ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ቡና አብዛኛውን ጊዜ ያልፋሉ። ቋንጣ ግን አያልፍም፤ የቋንጣ ፍርፍር ድርቆሽም ሥጋ ስላለበት እንደዚያው። ዋናው ነገር የያዙትን ምግብ ሁሉ ማሳወቅ ነው፤ አሳውቀው ቢወሰድብዎ የሚያጡት ምግቡን ነው፤ ደብቀው ቢገኝ ግን ቅጣት አለው። ጫት በፍጹም አይያዙ። በውስጡ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ ከባዱ የተከለከሉ ዕፆች መደብ ውስጥ ነው። «አድርስልኝ» የተባለ፣ ውስጡን ያላዩት ጥቅልም አብሮ ይቅር።

ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ክልክል አይደለም፤ ሳያሳውቁ ማለፍ ግን ሊያስወርስ ይችላል።

አሜሪካ በሐምሌ 2017 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ለኢትዮጵያውያን የተማሪ ቪዛን ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለ3 ወር ብቻ አድርጋለች። ይህ ግን በ3 ወር ውስጥ ይውጡ ማለት አይደለም። ቪዛ የመግቢያ ጊዜን ይገድባል፤ የቆይታዎን ጊዜ የሚወስነው ሲገቡ የሚመዘገብልዎ አይ-94 የተባለው የመግቢያ መዝገብ ነው። በገቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአሜሪካ መንግሥት ድረ-ገጽ አውጥተው ስምዎን፣ የልደት ቀንዎንና ኤፍ-1 መባሉን ያመሳክሩ፤ ስህተት ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ለትምህርት ቤቱ ቢሮ ያሳዩ።